መዝገቤ የት ደረሰ? የወንጀል ተበዳዮች ስለ ጉዳያቸው የማወቅ መብት

ደባርቅ፦ «መዝገቡ ተዘግቷል» የሚለው ምላሽ በወንጀል ለተጎዳ ሰው ከባድ ነው። ምላሹ በቃል ብቻ ሲሰጥ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። መዝገቡን ማን፣ መቼና በምን ምክንያት እንደዘጋው የሚያሳይ ጽሑፍ የሌለው ተበዳይ ቅሬታውን ለበላይ አካል የሚያቀርብበትን መሠረት ያጣል።

ጉዳዩ እንደ በየዳ ባሉ ተራራማ ወረዳዎች የተለየ ክብደት አለው። ከሩቅ ቀበሌ ተነሥቶ ወደ ወረዳው ዋና ከተማ ድል ይብዛ የሚመላለስ አርሶ አደር በእያንዳንዱ ጉዞ የእርሻ ወይም የአጨዳ ቀን ይከፍላል። ጉዳዩ ወደ ሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ደባርቅ ካመራ ደግሞ የስሜንን ተራሮች ማቋረጥ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ምን መጠየቅ እንደሚችል፣ ከማን እንደሚጠይቅና እስከ መቼ እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ማወቁ ድካሙንም ወጪውንም ይቀንስለታል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት መብት እንዳለው በግልጽ ይደነግጋል። ተበዳይን በስም ጠቅሶ ተመሳሳይ መብት የሚሰጥ አንቀጽ ግን በዚያ የለም። ይህ ማለት ተበዳዩ መብት የለውም ማለት አይደለም። መብቱ በአንድ ቦታ ተጠቃሎ የተጻፈ ሳይሆን በተለያዩ ሕጎች ውስጥ የሚገኝ ነው። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው ፍትሕ የማግኘት መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ያስቀምጣል።

ከ1954 ዓ.ም ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ዝርዝሩን ይዟል። በዚህ ሕግ መሠረት አቤቱታ ለፖሊስም ሆነ ለዐቃቤ ሕግ ማቅረብ ይቻላል። አቤቱታው በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ለአቅራቢው ይነበብለታል፤ ከዚያም ቀኑ ተጽፎ ይፈርምበታል። ማንበብ የማይችል ሰው ሳይነበብለት መፈረም የለበትም። የጠፉት በጎች ቁጥር፣ የተደበደበበት ቀን ወይም የተጠርጣሪው ስም ተሳስቶ ከተጻፈ የሚታረመው ከመፈረሙ በፊት ነው።

ጊዜም ወሳኝ ነው። እንደ ስድብና ቀላል የአካል ጉዳት ያሉ አንዳንድ ወንጀሎች የሚያስቀጡት ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ ብቻ ነው። አቤቱታውም ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ3 ወራት ውስጥ መቅረብ አለበት። በሽምግልና ላይ ሳሉ ጊዜው ያለፈባቸው ሰዎች አቤቱታቸው ላይሰማላቸው ይችላል።

መዝገቡ ከፖሊስ ወዴት ይሄዳል?

ፖሊስ ምርመራውን ሲያጠናቅቅ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ ይልካል። ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን መርምሮ ክስ ሊመሠርት፣ ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ ሊያዝ ወይም ክስ አልመሠርትም ብሎ ሊወስን ይችላል። ክስ ላለመመሥረት በሕጉ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች መካከል ተከሳሹን ጥፋተኛ የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አለመኖሩ፣ ተጠርጣሪው ሊገኝ አለመቻሉና ወንጀሉ በይርጋ መታገዱ ይገኙበታል።

ተበዳዩ በጥብቅ ሊያውቀው የሚገባው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ዐቃቤ ሕግ ክስ አልመሠርትም ሲል ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ወንጀሉ በተበዳዩ አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ከሆነ የውሳኔው ግልባጭ ለተበዳዩ ይላካል፤ መዝገቡ የተዘጋው ማስረጃ አልበቃም በሚል ከሆነም ተበዳዩ በራሱ ክሱን እንዲያካሂድ የጽሑፍ ፈቃድ ይሰጠዋል። በሌሎች ወንጀሎች ደግሞ ማስረጃ አልበቃም ተብሎ የተዘጋ መዝገብ ላይ ተበዳዩ ውሳኔው ከደረሰው ቀን አንሥቶ በ30 ቀናት ውስጥ ክስ እንዲመሠረት ትእዛዝ ይሰጥለት ዘንድ ለፍርድ ቤት ማመልከት እንደሚችል የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 44 ይደነግጋል። ከዚህ ጎን ለጎን የወረዳውን ውሳኔ በዞን ፍትሕ መምሪያ፣ ከዚያም በክልሉ ፍትሕ ቢሮ እንዲታይ ቅሬታ ማቅረብ የተለመደ መንገድ ነው።

30 ቀን አጭር ነው። ለዚህም ነው ውሳኔውን በጽሑፍ መቀበልና የተቀበሉበትን ቀን መዝግቦ መያዝ የሚያስፈልገው። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይም ይሠራል።

በፍርድ ቤትስ?

ክስ ከተመሠረተ በኋላ ችሎቱ በመርሕ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው። ተበዳዩ የመዝገቡን ቁጥርና የቀጠሮውን ቀን ከሬጅስትራር ጠይቆ መረዳት፣ ውሳኔ ሲሰጥም የፍርዱ ግልባጭ እንዲሰጠው ማመልከት ይችላል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት ደግሞ ክሱ መሰማት ሲጀምር የጉዳቱን ዓይነትና የሚጠይቀውን መጠን በጽሑፍ ገልጾ በዚያው መዝገብ ካሳ መጠየቅ ይችላል። የቀጠሮውን ቀን ያልሰማ ተበዳይ ይህ ዕድል ያመልጠዋል። ተከሳሹ በነፃ ከተለቀቀ ግን የካሳው ጥያቄ ለብቻው በፍትሐ ብሔር ክስ መቅረብ ይኖርበታል።

የማይሰጡ መረጃዎች

ሁሉም መረጃ ለተበዳይ ክፍት አይደለም። ምርመራው ገና በሂደት ላይ ሳለ የምስክሮችን ቃል ወይም የፖሊስን የምርመራ ስልት መግለጽ ተጠርጣሪው እንዲያመልጥ ወይም ማስረጃ እንዲጠፋ ሊያደርግ ይችላል። ምስክሮችና ጠቋሚዎች በአዋጅ ቁጥር 699/2003 ጥበቃ ሊደረግላቸው ይችላል። የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት ወይም የሕዝብን ሞራል ለመጠበቅ ችሎቱ በዝግ ሊሰማ የሚችልበት ሁኔታም አለ። ነገር ግን መዝገቡ በማን እጅ እንዳለና ምን ደረጃ ላይ እንደደረሰ ማሳወቅ ምርመራውን አያሰናክልም።

መረጃ የተከለከለ ሰው በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል። መጻፍ የማይችል ሰው ጥያቄውን በቃል ያቀርባል፤ ኃላፊው በጽሑፍ ያሰፍርለታል። መረጃው የሚከለከል ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል። አዋጁ የወንጀል ምርመራን የሚጎዱ መረጃዎችን ለይቶ ቢያስቀርም እምቢታው ያለ ምክንያት እንዲሆን አይፈቅድም። በምላሹ ያልረካ ሰው በባሕር ዳር ቅርንጫፍ ላለው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል።

መዝገብ ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ በ1985 ባጸደቀው መግለጫ የወንጀል ተጎጂዎች ጉዳያቸው ያለበትን ደረጃና የተሰጠውን ውሳኔ እንዲያውቁ መደረግ እንዳለበት አስፍሯል። በሀገራችንም በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የደርግ ባለሥልጣናትን ሲከስ ከተጠቀመባቸው ዋና ዋና ማስረጃዎች መካከል መንግሥቱ ራሱ ያስቀመጣቸው ሰነዶች ነበሩ። በ1987 ዓ.ም የተጀመረው የዋናዎቹ ተከሳሾች ችሎት በ1999 ዓ.ም የጥፋተኝነት ውሳኔ ላይ ሲደርስ ሰነዶቹ ስለ ሟቾች መስክረዋል።

በገጠሩ አካባቢ ደግሞ የመረጃ እጦት ሌላ አደጋ አለው። ወንድሙ የተገደለበት ሰው መዝገቡ የት እንደደረሰ ካላወቀ ክፍተቱን ወሬ ይሞላዋል፤ ወሬው ቂምን፣ ቂሙ ደም መመለስን ሊያስከትል ይችላል። ዐቃቤ ሕግ ምክንያቱን ጽፎ ቢሰጥ ተበዳዩ ባይስማማበት እንኳ የሚሄድበት ሕጋዊ በር ይኖረዋል።

ተበዳዩ ምን ይያዝ?

• አቤቱታ ሲያቀርብ ቃሉ እንዲነበብለት ይጠይቅ፤ የምርመራ መዝገቡን ቁጥር፣ የመርማሪውን ስምና ቀኑን ይመዝግብ።
• አካላዊ ጉዳት ከደረሰበት ሳይዘገይ ጤና ተቋም ሄዶ ይታይ፤ የሕክምና ማስረጃው መዝገቡ ውስጥ መግባቱን ያረጋግጥ።
• የተያዘ ከብት ወይም ንብረት በኤግዚቢትነት መመዝገቡን ይጠይቅ።
• መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ መቼ እንደተላከ ይጠይቅ፤ «ተዘግቷል» ከተባለ ውሳኔውን በጽሑፍ ይጠይቅ።
• ለሚያስገባው ማመልከቻ ሁሉ አንድ ቅጂ አስቀርቶ ገቢ የተደረገበትን ቀንና ማኅተም ያስደርግበት።

ጠበቃ የማቆም አቅም የሌላቸው ሰዎች የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ መጠየቅ ይችላሉ። በየወረዳው የሚገኘው ፍትሕ ጽሕፈት ቤትም ለተበዳዮች ስለ መብታቸው የማስረዳት ኃላፊነት አለበት።