የምሥራቹ ቪዲዮ መርዶ እንዳይመስል

በቾ ቦሬ ከእኔ ቤት ሁለት አጥር አለፍ ብሎ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። እኔ ነርስ ሆኜ ሥራ ስጀምር እሳቸው አዋላጅ ነበሩ። ልጆቻቸው አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ጅዳ፣ ሁለቱ ዋሽንግተን ናቸው። ዛሬ ዕድሜያቸው ሰማንያ ግድም ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። የጥንቱን ያስታውሳሉ፣ የትናንቱን ይረሳሉ።

አምና ገና ወር ሲቀረው የጅዳዋ ልጅ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ዘንድሮም መምጣት አልቻልንም። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ አጠር ያለ ቪዲዮ ቀርጾ በአንድ ላይ ብናደርግላትስ?» አለችኝ።

ነገሩ ለእኛ ዕድሜ ሰዎች አዲስ አይደለም። ዱሮ ውጭ አገር ያለ ልጅ ድምፁን በካሴት ቀድቶ በሰው ይልክ ነበር። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ቴፑ መሐል ተቀምጦ ሁሉም ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። አሁን የተለወጠው ዕቃው ነው።

የልጅ ልጄ ቴሌግራም ላይ ቡድን ከፈተችና ሁሉንም አስገባች። ትእዛዙን ግን እኔ ጻፍኩ። እያንዳንዱ ሰው ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ። ስልኩን አግድም ይያዝ፤ ፊቱን ወደ መስኮት ያዙር እንጂ መስኮቱን ጀርባው አያድርግ። ከኋላ ሙዚቃ አይኑር፤ በእርጅና ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ቀጫጭን ድምፅ የመስማት ችሎታ ስለሆነ እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉ ድምፆች በሙዚቃ ይዋጣሉ። ቪዲዮው ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል መልክ ይላክ። የመጨረሻውን ቀን ደግሞ ሆን ብዬ አንድ ሳምንት አስቀድሜ ነገርኳቸው፤ የዘመድን ነገር ታውቁታላችሁ።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ከለከልኩ፦ «አወቅሽኝ?» ማለት። የሚረሳ ሰው እንዲህ ሲጠየቅ ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ ይጨነቃል። «እኔ እገሌ ነኝ፣ የእህትሽ ልጅ» ብሎ መጀመር ነው።

ሃያ ሦስት ቪዲዮ መጣ። የልጅ ልጄ ካፕካት በሚባለው መተግበሪያ ከመቀጣጠሏ በፊት አንድ በአንድ አየኋቸው። ደግ አደረግኩ። አንዱ የወንድም ልጅ ስለ ሟች እህታቸው አንስቶ «ነፍሷን ይማርና» ይላል። እሳቸው የእህታቸውን መሞት ረስተዋል። በነገርናቸው ቁጥር እንደ አዲስ ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ማልቀሳቸውንም ይረሳሉ። ይቆረጥ አልኩ። የዋሽንግተኑ ታላቅ ልጅ «እናታችንን መዋሸት አይሆንም ወይ?» ብሎ ተቆጣ። «ልጄ፣ አንድ ጊዜ ተረድተው አልቅሰዋል፤ በየቀኑ መርዶ አይነገርም» አልኩት። ዝም አለ። ማታ ላይ «ይቆረጥ» ብሎ ጻፈልኝ።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር ስለ ቀኑ ነበር። ልጆቹ በጠዋት ጎረቤት ሰብስበን ድንገት እንድናሳያቸው ፈለጉ። እምቢ አልኩ። በእኛ አገር በማለዳ ሰው ተሰብስቦ ቤት ከገባ ምን እንደሚመስል ማንም ያውቃል። ደም ግፊትም አለባቸው። ስለዚህ ከዋዜማው ጀምረን «ነገ ልጆችሽ በቴሌቪዥን ሰላም ይሉሻል» እያልን ነገርናቸው። ሰዓቱንም ከቀኑ አሥር አደረግነው። ያን ጊዜ ዋሽንግተን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ስለሆነ ልጆቹ በስልክ አብረውን ማየት ቻሉ። ቪዲዮውን በፍላሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካነው፤ መብራት ቢጠፋም ብለን በስልክም ያዝነው።

አቦሉ እንደተቀዳ ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰዎች አላወቋቸውም። የአዲስ አበባው ልጃቸው ሲታይ «ይሄ ልጅ ከስቷል» ብቻ አሉ። ልጆቹ በስልክ ውስጥ ዝም ሲሉ ተሰማኝ፤ እኔም ድካማችን ከንቱ ቀረ ብዬ ነበር።

ከዚያ አንዲት የአጋሮ ሴት መጣች። ጊዜው የቡና ለቀማ ስለነበር እዚያው ቡናው ሥር ቆማ ነው የተቀረጸችው። በኦሮምኛ ስሟን ተናገረች፣ በዚያ ሌሊት እንዴት እንዳዋለዷት አወራች። እናታችን ስኒውን አስቀመጡና ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ ብለው በኦሮምኛ «ሕፃኑ ጡት ያዘ?» ሲሉ ጠየቁ። ሕፃኑ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው። ከእናቱ አጠገብ ቆሞ ይስቅ ነበር።

ያን ቀን የተማርኩት ይህንን ነው፦ ለሚረሳ ሰው ስትሰበስቡ ከቤተሰብ ባሻገር ሂዱ። የሥራ ባልደረባ፣ የዕቁብ ጓደኛ፣ የገበያ ደንበኛ፣ በወጣትነቱ የረዳው ሰው ፈልጉ። ሩቅ ያለው ትዝታ ነው ቆይቶ የሚገኘው።

በማግስቱ ቪዲዮውን ማየታቸውን ረስተውት ነበር። ልጃቸው በስልክ አዝና ስትነግረኝ «እንደገና ክፈቱላቸው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይከፈታል፤ ለእሳቸው ሁልጊዜ አዲስ ነው።

አንድ ስሕተት ግን ሠርቻለሁ። ሁሉም «እንኳን ለገና አደረሰሽ» ብለው እንዲጀምሩ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። እናንተ የበዓሉን ስም አታስጠሩ። ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ከጎናቸው ተቀምጬ ሳይ ሃያ ሦስት ሰው በተራ እንኳን ለገና አደረሰሽ ይላቸዋል። እሳቸውም ለእያንዳንዱ፣ አንዱንም ሳይዘሉ፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» እያሉ ይመልሳሉ።