የነጻ አዳር ሒሳብ ከማን ኪስ ይወጣል?

በአሜሪካ የሃያት ሆቴል ድርጅትን ክሬዲት ካርድ የያዘ ሰው በዓመት 95 ዶላር ይከፍላል፤ ዓመቱ ሲሞላም ከምድብ 1 እስከ 4 ባሉ ሆቴሎች አንድ ነጻ አዳር ይሰጠዋል። ክፍሉ 200 ዶላር የሚያወጣ ከሆነ ደንበኛው ባንኩን ያከሰረው ይመስላል። አላከሰረውም። በካርዱ በተገዛ ቁጥር ነጋዴው ከሽያጩ 2 ከመቶ ገደማ ይቆረጥበታል፤ አብዛኛው ካርዱን ለሰጠው ባንክ ይገባል። ዕዳቸውን በወቅቱ የማይከፍሉ ሰዎች ወለድም አለ። ባንኩ ከዚህ ላይ ቆንጥሮ የአዳሩን መብት ከሆቴሉ ድርጅት ይገዛል።

ብዙ ጊዜ የሆቴሉ ሕንፃ በድርጅቱ ስም የሚሠራ የሌላ ባለሀብት ንብረት ስለሆነ የአዳሩ መብት ማረጋገጫ ጥብቅ ነው። ባንኩ ሒሳቡ አለመዘጋቱንና ዓመቱ መሙላቱን አይቶ ያሳውቃል፤ መብቱ በአባልነት ቁጥሩ ይመዘገባል፤ ክፍል ሲያዝበት ይቀነሳል፤ እንግዳ ተቀባዩም መታወቂያ ያያል። ከዚያ የሕንፃው ባለቤት ከሆቴሉ ድርጅት ክፍያ ይጠይቃል። ሆቴሉ ሊሞላ በተቃረበበት ሌሊት ክፍያው ወደ መደበኛው ዋጋ ይጠጋል፤ ግማሹ ባዶ በሆነበት ሌሊት ግን አንሶላ ከማጠቢያና ክፍል ከማጽጃ ብዙም አያልፍም። ባዶ አልጋ ሳንቲም አያስገባምና ይህም ቢሆን አይከፋውም።

«ታዲያ እኔ አተረፍኩ» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ዕዳውን በጊዜው የሚከፍልና መብቱ ሳይቃጠልበት የሚጠቀም ያተርፋል። ስንቱ ሳይጠቀምበት እንደሚቀር ግን ሒሳብ ሠሪዎቹ አስቀድመው ይገምታሉ። ነጋዴውም የተቆረጠበትን በዕቃው ዋጋ ላይ ስለሚጨምር፣ በዋሽንግተን አካባቢ ከሐበሻ ሱቅ በርበሬ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛው ሰው ለማያውቀው ሰው አዳር ያዋጣል። በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ዋጋ መቀነስ በሕግ ይፈቀዳል፤ አብዛኛው ሱቅ ግን ለሁሉም አንድ ዋጋ ይለጥፋል።