የጥጃ ጉልበት ሲያብጥ

በተወለደ በሳምንት፣ በሁለት ሳምንቱ የሚያነክስ፣ ጉልበቱ ወይም የኋላ እግሩ አንጓ አብጦ የሚሞቅ ጥጃ ሲያዩ ብዙ አርቢዎች «እናቱ ረግጣው ነው» ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የላሚቱ አይደለም። ባልደረቀ እትብት የገባ ተሕዋስ በደም ተጉዞ በመገጣጠሚያው ላይ ሰፍሮ ነው። እምብርቱ ሲዳሰስ አብጦ፣ ጥጃውንም አሞት ሊገኝ ይችላል።

ሕክምናው የሚረዳው ሲፈጥን ነው። ጥጃው እንዳነከሰ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይወሰድ። ሐኪሙ እንደ ፔኒሲሊን ያለ መርፌ ያዛል፤ አንዳንዴም መገጣጠሚያውን ያጥባል። ሻል አለው ተብሎ የታዘዘው መርፌ ሳያልቅ መቋረጥ የለበትም። የቆየ እንደሆነ ልም አጥንቱ ስለሚበላ፣ ተሕዋሱ ቢሞትም እግሩ እንደልብ ሳይታጠፍ ይቀራል፤ እንዲህ ያለው ወይፈን ለቀንበር አይሆንም። በጋለ ብረት መተኮስማ በቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው።

ለሥቃዩ ማስታገሻ ሲያስፈልግ ሜሎክሲካም ይመረጣል። ዲክሎፌናክ ተወግቶ ብዙ ሳይቆይ የሞተን ከብት የበላ ጥንብ አንሣ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል፤ ሕንድ በ2006 እ.ኤ.አ. ለከብት እንዳይመረት የከለከለችው ስለዚህ ነው።

መከላከያው ርካሽ ነው። ጥጃው እንደተወለደ እትብቱን በ7 በመቶ የአዮዲን ቲንክቸር መንከር፣ መኝታውን ማድረቅ፣ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓቶች እንገር ማጥገብ። እንገር የቤቱም ልጆች ይወዱታል፤ ቢሆንም አስቀድሞ ጥጃው ይጥገብ።