የሜትሮፖሊታን ኦፔራ ኅብረ ዘማሪዎች ሙያና የሥራ ሕይወት

በኦፔራ መድረክ የተመልካቹን ዓይን ቀድመው የሚስቡት ዋና ተዋንያኑ ቢሆኑም፣ ሕዝቡን፣ ሠራዊቱን፣ ካህናቱንና ምርኮኛውን ሆኖ የሚቆመው ኅብረ ዘማሪው ነው። ጁሴፔ ቬርዲ የደረሰውና እ.ኤ.አ. በ1842 በሚላኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው «ናቡኮ» የተሰኘ ኦፔራ ይበልጥ የሚታወቀው በአንድ ተዋናይ ዜማ ሳይሆን፣ በባቢሎን የተማረኩት ዕብራውያን በኅብረት በሚያሰሙት ዝማሬ መሆኑ ለዚህ አስረጂ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1883 ሥራ የጀመረው የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በቋሚነት የተቀጠሩ ኅብረ ዘማሪዎች ያሉት ሲሆን፣ ከኮሮና ወረርሽኝ በፊት ቁጥራቸው 80 ያህል ነበር። ብዙ ድምፅ የሚጠይቁ ሥራዎች ሲቀርቡ ተጨማሪ ዘማሪዎች ይቀጠራሉ።

ተቋሙ በአንድ የሥራ ዘመን በርካታ ኦፔራዎችን እያፈራረቀ የሚያቀርብ በመሆኑ፣ ዘማሪዎቹ ቀን አንዱን ሲለማመዱ ውለው ማታ ሌላውን ያቀርባሉ። ዜማውንና ቃሉን በቃላቸው መያዝ ይጠበቅባቸዋል። ቋንቋውም ጣሊያንኛ፣ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛ ወይም ሩሲያኛ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የጋንዲን ሕይወት መነሻ ያደረገው የፊሊፕ ግላስ «ሳትያግራሃ» በቀረበበት ወቅት በሳንስክሪት ቋንቋ ዘምረዋል።

3 ሺህ 800 ያህል መቀመጫዎች ባሉት አዳራሽ ድምፃቸው ያለ ድምፅ ማጉያ ከኦርኬስትራው በላይ መሰማት አለበት። ይሁንና የአንዱ ድምፅ ከሌላው ተለይቶ መውጣት የለበትም። ረጅም ዜማ እንዳይቋረጥም አባላቱ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ ይተነፍሳሉ። ይህን ሁሉ የሚፈጽሙት ከባድ አልባሳት ለብሰው፣ እየተራመዱና እየተወኑ ነው። ከመድረክ በስተጀርባ ሲዘምሩ የኦርኬስትራውን መሪ እጅ በቴሌቪዥን መስኮት ይከታተላሉ። ቃላቱ በግልጽ እንዲሰሙና ድምፆቹ እንዲመጣጠኑ የሚያደርገው የኅብረ ዝማሬው አሠልጣኝ ግን ትርኢቱ በሚቀርብበት ሰዓት በተመልካቹ ፊት አይታይም።

ይህ በመተንፈስ ላይ የተመሠረተ ሙያ በወረርሽኙ ወቅት ከባድ ፈተና ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በዋሽንግተን ግዛት 61 ሰዎች በተገኙበት የአንድ የመዘምራን ቡድን ልምምድ 53ቱ የበሽታው ተጠቂ መሆናቸው ወይም ሳይሆኑ እንዳልቀረ የተገለጸ ሲሆን፣ ሁለቱ ሕይወታቸው አልፏል። ሜትሮፖሊታን ኦፔራም በዚያው ወር በሩን ዘጋ። ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ የኅብረ ዘማሪዎቹ ደመወዝ የተቋረጠ ሲሆን፣ የጤና መድን ሽፋናቸው ግን እንዲቀጥል ተደርጓል። ተቋሙ የገቢ መቋረጡን በመጥቀስ ዘላቂ የክፍያ ቅነሳ እንዲደረግ ጠየቀ፤ የሠራተኛ ማኅበራቱ በበኩላቸው የአባሎቻቸውን ኑሮ ለማስጠበቅ ተደራደሩ። በ2021 መጀመሪያ በድርድሩ ሂደት ከፊል ክፍያ መሰጠት ተጀመረ፤ በግንቦት ወርም ዘማሪዎቹን የሚወክለው ማኅበር ከተቋሙ ጋር ከስምምነት ደረሰ።

ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ተዘግቶ የቆየው አዳራሽ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2021 ዳግም ሲከፈት የቀረበው የቬርዲ «ሬኩዌም» ነበር። የኒው ዮርክ ጥቃት 20ኛ ዓመት በታሰበበት በዚያ ምሽት፣ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው ኅብረ ዘማሪው ወደ ሥራው ተመልሷል።

ለዓመታት አብረው የዘመሩ ሰዎች አንዱ የሌላውን ድምፅ እየሰሙ የራሳቸውን ይመጥናሉ። ይህ ችሎታ በጊዜያዊ ቅጥር በአጭር ጊዜ የሚተካ አይደለም። በመሆኑም የኅብረ ዘማሪዎቹ የሥራ ዋስትና የሙያው ጥራት መሠረት ጭምር ነው።