ዶዘርና የመንገድ ዳር ዛፍ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ መሐል ሜዳ የሚመጣ መንገደኛ ጣርማ በር ላይ ከደሴው አውራ ጎዳና ወደ ግራ ተገንጥሎ፥ መዘዞንና ሞላሌን አልፎ እዚህ ይደርሳል። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ሁሉ ጭጋጉን፥ ገደሉንና ነፋሱን ያስታውሳል። ነገር ግን መንገዱ በምን መሣሪያ እንደ ተጠረገ፥ ከዳሩ ያለው ዛፍና ቁጥቋጦስ ለምን እንደሚቆረጥ ብዙዎቻችን አስበን አናውቅም። እኔም ብሆን ነገሩ በአያቴ ደጃፍ እስኪደርስ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር።

ባለፈው በጋ ወደ ቀበሌያችን የሚወስደውን የገጠር መንገድ ለማስፋት አንድ ዶዘር መጣ። መንገዱ በአያቴ ማሳ አጠገብ ይታጠፋል። በዚሁ ኩርባ ላይ አያቴ በወጣትነታቸው የተከሏቸው አሥራ አራት ባሕር ዛፎች ቆመው ነበር። በእኛ ደጋ ዛፍ ብርቅ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሳታችን የሚነደው በአብዛኛው በኩበት ነው። አንድ ባሕር ዛፍ ማለት የቤት ምሰሶ፥ የክረምት ማገዶ፥ ለተማሪ ልጅም የደብተርና የልብስ መግዣ ማለት ነው። አያቴ ባናቸውን ተከናንበው ከዛፎቹ ፊት ቆሙና ኦፕሬተሩን፥ «ልጄ፥ ይህ ዛፍ ምን በደለህ?» አሉት። እርሱም ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና እጅ ነሥቶ፥ «እማማ፥ እኔንስ አልበደለኝም፤ የሚበድለው መንገደኛውን ነው» አላቸው። ከዚያም ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳን። እርሱ የነገረንን፥ ከመምህራኖቼ የተማርሁትንና ከመጻሕፍት ያገኘሁትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ ለአንባብያን አቀርባለሁ።

የመንገድ ዳር ለምን ይጠረጋል?

አንደኛው ምክንያት ማየት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ነጂው ከፊቱ አንድ ነገር አይቶ፥ አስቦ፥ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ሁለት ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት፥ መኪናው በዚህ ጊዜ ውስጥ 42 ሜትር ያህል ሄዷል። ፍሬኑ ከተያዘም በኋላ እስኪቆም ድረስ ሌላ 40 ሜትር ያህል ይንሸራተታል። ሁለቱ ሲደመሩ 82 ሜትር ነው፤ መንገዱ እርጥብ ወይም ጠጠር ከሆነ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ በኩርባው ላይ ያለው ዛፍ የነጂውን እይታ ወደ 30 ሜትር ቢያሳጥረው፥ ነጂው የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን መኪናውን ሊያቆም አይችልም። በአያቴ ማሳ አጠገብ ባለው ኩርባ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የጭነት መኪና ከመንጋ ጋር ተጋጭቶ ስድስት በጎች ሞተዋል፤ እረኛው ልጅም እግሩ ተሰብሮ ብዙ ወራት ከትምህርት ቤት ቀርቷል። ያን ጊዜ ሁላችንም ነጂውን ረገምን እንጂ ዛፉን የጠረጠረ አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት ውሃ ነው። የመንገድ ዋና ጠላቱ ውሃ ነው ይባላል። የዛፉ ጥላ ፀሐይ እንዳይገባ ስለሚከለክል መንገዱ ቶሎ አይደርቅም። ቅጠሉና ቅርንጫፉም በቦዩና በቱቦው ውስጥ ይከማቻል። ቦዩ ሲደፈን ውሃው መውጫ አጥቶ ወደ መንገዱ ሰውነት ይሰርጋል፤ አፈሩም ይለሰልሳል። በላዩ ከባድ መኪና ሲያልፍበት ይሰምጣል፥ ጉድጓድ ይሆናል፤ ጉድጓዱም ሌላ ውሃ ይይዛል።

ሦስተኛው ሥር ነው። መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈራችን በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል። ለመንገድ የቀረበ ትልቅ ዛፍ ደግሞ በሥሩ እርጥበቱን ከመንገዱ ሥር እየመጠጠ ስንጥቁን ያብሰዋል። ከመንገዱ በታች ተቀብሮ የቀረ ጉቶም ሲበሰብስ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ መንገዱ በዚያው ላይ ይሰረጉዳል። ስለዚህ አዲስ መንገድ ሲሠራ ዛፉን መቁረጥ ብቻ አይበቃም፤ ጉቶው ከነሥሩ ይነቀላል፥ ሣርና ሥር ያለበት የላይኛው አፈርም 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይገፈፋል።

ከመጥረቢያ እስከ ዶዘር

ቀድሞ መንገድ የሚጠረገው በመጥረቢያ፥ በዶማና በአካፋ፥ በሰው ጉልበት ብቻ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ወደ አዲስ አበባ አስመጣ። ሕዝቡም በዚህ እጅግ ተደንቆ «የሰርኪስ ባቡር» የሚል ስም አወጣለት። ከዚያም ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በጣርማ በር ተራራ ውስጥ 587 ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ ተፈለፈለ። ይህ ዋሻ እስከ ዛሬ ድረስ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን መንገደኛ ያሳልፋል።

የዛሬው የመንገድ ሥራ መሠረት የተጣለው ግን በ1943 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት በአዋጅ ተቋቋመ፤ ለመንገድ ሥራም ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ብድር ተገኘ። ይህም ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነው። መሥሪያ ቤቱ በየጊዜው ስሙ እየተለወጠ ዛሬ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ይባላል።

ዶዘሩ ራሱ ከየት መጣ? በካሊፎርኒያ ቤንጃሚን ሆልት የተባለ ሰው፥ የእርሻ መኪናዎች በረግረጉ አፈር እየሰመጡ ስላስቸገሩት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ጎማውን አውጥቶ በምትኩ የሚሽከረከር ሰንሰለት አደረገ። አካሄዱ አባ ጨጓሬ ስለ መሰለ ስሙም «ካተርፒላር» ተባለ፤ ትርጉሙ ያው አባ ጨጓሬ ማለት ነው። በ1923 ደግሞ ካሚንግስ የተባለ የካንሳስ ገበሬና ማክሊዎድ የተባለ ንድፍ ሠሪ እንዲህ ባለ መኪና ፊት ላይ አፈር የሚገፋ ምላጭ ገጠሙ። ዶዘር የምንለው ከዚያ በኋላ ዓለምን ሁሉ አዳረሰ።

አሠራሩ እንዴት ነው?

ዶዘር ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ከፊት ያለው ሰፊ የብረት ምላጭ፥ በናፍጣ የሚሠራው ሞተርና ሁለቱ ሰንሰለቶች ናቸው። ብዙዎቹ ከኋላቸው ድንጋይና ሥር የሚገነጥል የብረት ጥፍር አላቸው፤ ይህም ሪፐር ይባላል። ምላጩንና ሪፐሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርጋቸው በቱቦ ውስጥ ተጨምቆ የሚገፋ ዘይት ነው።

የሰንሰለቱን ጥበብ በሒሳብ እንየው። አንድ ትልቅ ዶዘር 38 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ጉልበቱም ከ300 የፈረስ ጉልበት ይበልጣል። እያንዳንዱ ሰንሰለት በመሬት ላይ የሚያርፈው 3.2 ሜትር በርዝመት፥ 56 ሳንቲ ሜትር በወርድ ቢሆን፥ የሁለቱ ስፋት 35,840 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 38,000 ኪሎ ግራም ለዚህ ሲካፈል በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው ከአንድ ኪሎ ግራም እምብዛም አይበልጥም። የአንዲት ትንሽ የቤት መኪና ጎማ ግን በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ ሁለት ኪሎ ግራም ያህል ይጫናል። ስለዚህ ትንሿ መኪና የምትሰምጥበትን ጭቃ ዶዘሩ ያልፈዋል ማለት ነው።

መሐል ሜዳ ላይ ግን ዶዘሩም የሚቸገርበት ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ደግሞ እንደ እኛው የሚተነፍስ ስለሆነ፥ አየር ሲያንሰው ጉልበቱ ይደክማል። በዚህ ምክንያት በዛሬዎቹ ሞተሮች ላይ አየር ጨምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የሚባል መሣሪያ ይገጠማል። ሁለተኛም፥ ውሃ በእኛ ዘንድ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ሳይላላ መዝጋቱንና ውሃው አለመጉደሉን ረዳቱ በየጊዜው ይመለከታል። በፊዚክስ ክፍል የተማርነው ነገር በሜዳ ሲሠራ ማየት ደስ ያሰኛል።

ዛፍ እንዴት ይጣላል?

እኔ ዶዘር በሙሉ ኃይሉ ሮጦ ዛፉን የሚገጨው ይመስለኝ ነበር። እንዲህ የሚያደርግ ኦፕሬተር ግን ብዙ ዕድሜ የለውም። በመጀመሪያ ወርዶ ዛፉን ይዞራል፤ ወዴት እንዳዘነበለ፥ ደረቅ ቅርንጫፍ እንዳለው፥ በአጠገቡ የመብራት ሽቦ፥ ቤት፥ ሰው ወይም ከብት እንዳለ ያያል። ቀጥሎ ምላጩን ከፍ አድርጎ ግንዱን በቀስታ ይነካል። ይህም የማንሻ ሕግ ነው፤ ከመሬት ሁለት ሜትር ላይ የተገፋ ዛፍ አንድ ሜትር ላይ ከተገፋው ይልቅ፥ ኃይሉ እኩል ሆኖ ሳለ፥ ሥሩን በእጥፍ ይነቀንቀዋል። ዛፉ ትልቅ ከሆነ ግን ግፊት ብቻውን አይበቃም፤ አስቀድሞ ዙሪያውን ቆፍሮ ሥሮቹን በምላጩ ማዕዘን ይቆርጣል፥ ከዚያ በኋላ ይገፋል።

ከሁሉ የሚያሰጋው ቅጽበት ዛፉ ማዘንበል ሲጀምር ነው። በዚያን ጊዜ ሥሩ ከነአፈሩ ከዶዘሩ ሥር ብድግ ስለሚል መኪናውን ሊያነሣው ወይም ሊገለብጠው ይችላል። ስለዚህ ኦፕሬተሩ ወዲያው ወደ ኋላ ይመለሳል። በራሱ ላይ ቅርንጫፍ እንዳይወድቅበትም መቀመጫው በጠንካራ ብረት የተከደነ ነው። ተመልካች ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ርቆ መቆም አለበት። ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ዶዘር ሲሠራ ለማየት ተሯሩጠን የምንከበው እኛ ተማሪዎች ይህን እንወቅ፤ ኦፕሬተሩ ከኋላው ያለውን ሕፃን ላያይ ይችላል። «ሥራን ለሠሪው፥ እሾህን ላጣሪው» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይሠራል።

ዶዘር ብቻውንም አይደለም። ቀጭን ቁጥቋጦና ሣር በግሬደር ምላጭ ይገፈፋል፤ ቦይም በእርሱ ይከፈታል። ከገደል አፋፍ ያለውን ዛፍና ጉቶ ኤስካቫተር በረጅም ክንዱ ይነቅላል፤ ሎደር ያነሣል፥ ገልባጭ መኪና ያርቃል። በሌሎች አገሮች በትራክተር ላይ በተገጠመ ረጅም ክንድ ጫፍ የሚሽከረከር ማጨጃ የመንገዱን ዳር በየዓመቱ ይከረክማል። በቬትናም ጦርነት ጊዜም የአሜሪካ ጦር ሹል ምላጭ በተገጠመላቸው ዶዘሮች፥ ደፈጣ እንዳይደረግበት፥ የመንገድ ዳር ጫካውን ጠርጓል። ስለዚህ መሣሪያው ለመንገደኛ ደኅንነትም ለጦርነትም ይውላል፤ ክፋቱም ደግነቱም በሚያዝዘው ሰው ነው።

የት ይጥረግ? የትስ ይቅር?

ዶዘር ኃይለኛ በመሆኑ ጥፋቱም ፈጣን ነው። በቀጥ ያለ ዳገት ላይ ሥርን ነቅሎ መሬቱን ባዶ መተው በመጀመሪያው ክረምት ናዳ መጋበዝ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ዛፉ ከመሬቱ አጠገብ ይቆረጥ እንጂ ሥሩ አይነቀል፤ ሥሩ አፈሩን ይይዛልና። የተገፈፈው ጥቁር አፈርም በከንቱ አይጣል፤ ለብቻው ተከምሮ ኋላ ባዶው ዳገት ላይ ቢመለስ ሣር ያበቅላል። በጓሳ አካባቢ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ሊሆን ይገባል። አባቶቻችን ያን ሣርና በውስጡ የሚኖሩትን ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ቀሮ በሚባለው ሥርዓታቸው ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀው ያቆዩትን፥ አንድ ዶዘር በአንድ ቀን ሊገለብጠው ይችላል።

የባለ ዛፉም መብት አለ። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ በላዩ ለሰፈረው ንብረት ካሣ እንዲከፈል በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ያዝዛል። ዛፍ ከመውደቁ በፊት ተቆጥሮ ይመዝገብ የሚባለው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ አያቴ ልመለስ። ኦፕሬተሩና ፎርማኑ በኩርባው ላይ ገመድ ዘርግተው እይታውን ለኩ። ከአሥራ አራቱ ዛፎች እይታ የሚጋርዱት ዘጠኙ ሆነው ተገኙ፤ አምስቱ ከገመዱ ውጭ፥ ዳገቱን ደግፈው የቆሙ ነበሩ። ዘጠኙ ተቆጥረው ከተጻፉ በኋላ ወደቁ፤ ግንዱም ለአያቴ ተሰጠ፤ አምስቱ ዛሬም ቆመዋል። ይሁን እንጂ ሁሉ ነገር አማረ አልልም። ካሣው ዘግይቶ መጣ፤ አዲሱም ቦይ አፉ ወደ ገብሱ ማሳ ስለ ዞረ የሐምሌ ጎርፍ ሁለት ጥማድ የማያህል መሬት አጠበ። አባቴና ጎረቤቶቻችን ድንጋይ ደርድረው ውሃውን ወደ ወንዙ መለሱት። ከዚህ የተረዳሁት፥ ዛፉን መጣል የሥራው እኩሌታ ብቻ መሆኑን ነው፤ ውሃውን ወደሚገባው ቦታ ማድረስ ሌላው እኩሌታ ነው።

በመስከረም እግሩ የተሰበረው ልጅ በጎቹን እየነዳ በዚያ ኩርባ ሲያልፍ አንድ የጭነት መኪና ከሩቅ አይቶት ቆመለት። አያቴም ከደጃፋቸው ሆነው ይመለከቱ ነበር። በማግሥቱ፥ «ና፥ ጉድጓድ ቆፍርልኝ» ብለው ጠሩኝና ዘጠኝ ችግኝ አብረን ተከልን። በዚህ ጊዜ ግን አንድ ባሕር ዛፍ ሲያድግ የሚኖረውን ቁመት ያህል ከመንገዱ ርቀን ተከልን። እናንተም በየሰፈራችሁ ከመንገድ ዳር ስትተክሉ ይህን ርቀት እንድትለኩ አደራ እላለሁ።