4 ምን?

ከአንድ የገጠር ቤተሰብ ጥናት ፋይል አንዲት መስመር መዘዝን እንበል፤ «214፣ 1፣ 47፣ 4፣ 9» ትላለች። 214 የቤቱ መለያ ቁጥር፣ 1 ወንድ፣ 47 ዕድሜ መሆኑን መገመት አያስቸግርም። 4 ግን ምንድን ነው? የመሬት ስፋት ከሆነ 4 ሄክታር ነው ወይስ 4 ጥማድ? ጥማድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ስለሆነ እንደ አፈሩና እንደ አገሩ ይለያያል። 9ስ? ዘጠኝ ልጆች ወይስ «መልስ አልሰጡም»? መጠይቁን ይዞ ከደጅ የቆመው ሰው ያውቀው ነበር። እሱ ከሌለ የሚያውቀው የኮዱ መፍቻ ሰነድ ነው። መፍቻውም ከጠፋ መስመሯ ዲዳ ናት።

እንዲህ ካሉ ፋይሎች የትኛው ለመጪው ትውልድ ይቆይ ብለው የሚወስኑ ተቋማት አሉ። የኛ ወመዘክር ሲነሳ ብራናና መጽሐፍ፣ ደብዳቤና ጋዜጣ ይታወሰናል፤ የማኅበራዊ ሳይንስ መረጃ ቤተ መዛግብት ግን የሚያኖሩት የመጠይቅ መልስ፣ የቆጠራ ፋይልና የቃለ ምልልስ ቅጂ ነው። ከቀደሙት መካከል አሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያለው አይሲፒኤስአር እ.ኤ.አ. በ1962፣ እንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ያለው የዩናይትድ ኪንግደም የመረጃ ቤተ መዛግብት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 ተመሠረቱ።

የመጣላቸውን ሁሉ ለምን አይቀበሉም? የሚያንሳቸው የማስቀመጫ ቦታ ሳይሆን የሰው ጉልበት ነው። ብራና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ መቶ ዓመት ቆይቶም ይነበባል። የኮምፒውተር ፋይል ግን ተንከባካቢ ይሻል፤ የተጻፈበት ፕሮግራም ሲያረጅ ወደ ሌላ ቅርጽ ካልተገለበጠ የሚከፍተው ይጠፋል። ስለዚህ አንድን ፋይል መቀበል ማለት ማብቂያ ለሌለው ሥራ ቃል መግባት ነው።

መራጮቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ይህ እንደገና ሊሰበሰብ ይችላል ወይ?» ብለው ነው። ኬሚስት ሙከራው ቢጠፋበት ይደግመዋል። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ታላቁ ረሀብ በሚቀጥለው ዓመት በረታ። ያኔ የተቆጠረውን ቤተሰብ፣ ረሀቡ ሳይበረታ እንደነበረ፣ ዛሬ ሄዶ የሚጠይቀው የለም። የማይደገም መረጃ ጉድለት ቢኖርበትም ይያዛል፤ በየጊዜው የሚደጋገም ሌላ ጥናት ከያዘው የማይለይ ግን ትልቅ ቢሆንም ሊታለፍ ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ በቦታው ያልነበረ ሰው ይረዳዋል ወይ የሚል ነው። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12,000 ያህል ልጆችን ለዓመታት ሲከታተል ቆይቷል፤ መረጃውም ኤሴክስ ተቀምጧል። ከኢትዮጵያ 3,000 ልጆች የተካተቱ ሲሆን፣ ታላላቆቹ የተወለዱት በ1994 እና 95፣ ታናናሾቹ በ2001 እና 2002፣ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አሁን አንዲት እናት «ልጄ የተወለደው በ1994 ነው» አለች እንበል። በኛ አቆጣጠር ከሆነ ልጁ ከታናናሾቹ ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ ከታላላቆቹ። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የሚናገር አንድ መስመር ማብራሪያ ከሌለ፣ ትክክለኛው መልስ ስሕተት ሆኖ ይቀመጣል። ለዚህ ነው መዝጋቢዎቹ ከፋይሉ ጋር ባዶውን መጠይቅ፣ የናሙናውን አመራረጥና የኮዱን መፍቻ የሚጠይቁት። የኢትዮጵያ የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ጥናት እንደ ጥማድ ያሉ የአካባቢ መለኪያዎችን ወደ ሄክታር የሚመልስ ሰንጠረዥ አብሮ ያወጣል።

ሦስተኛው ጥያቄ ለመላሹ የተገባ ቃል ነው። ስም መሰረዝ ብቻውን ምስጢር አይጠብቅም። በአንድ ቀበሌ ያለ ብቸኛ ቀጥቃጭ፣ የ11 ልጆች አባት፣ ስሙ ባይጻፍም ጎረቤት ያውቀዋል። በዚህ ጊዜ ቦታው ይደበቃል፣ ትክክለኛ ዕድሜው ቀርቶ የዕድሜ ክልሉ ብቻ ይገለጻል፤ ይህም ካልበቃ ፋይሉ ፈቃድ ላለው ተመራማሪ ብቻ በጥብቅ ቁጥጥር ይከፈታል። መላሹ ጨርሶ ለሌላ እንዳይተላለፍ ቃል ተገብቶለት ከሆነ፣ ጥናቱ የቱንም ያህል ቢጓጓለት ይቀራል።

ውሳኔው ታዲያ «ይግባ» ወይም «ይውጣ» ብቻ አይደለም። ኤሴክስ ለታላላቅ ተከታታይ ጥናቶች ባለሙያ መድቦ ያሰናዳል፤ ለአነስተኛ ጥናቶች ባለቤቱ ራሱ አሰናድቶ የሚያስገባበት ሪሼር የተባለ ማኖሪያ አለው። የጥናቱ ግምት ትክክል ሆኖ መገኘቱ ወይም ውድቅ መሆኑ በምርጫው ውስጥ ብዙም ቦታ የለውም። ነገ የሚመጣው ተመራማሪ የሚፈልገው የትናንቱን መደምደሚያ ሳይሆን፣ ያኔ ማንም ያላሰበውን ጥያቄ ለዚያው መልስ ማቅረብ ነው። ስለ እህል ምርት የተሰበሰበ ፋይል ከ30 ዓመት በኋላ ሴት ልጅ ስንት ክፍል ደርሳ ትምህርት እንዳቆመች ሊናገር ይችላል።

ምርጫው በሚሺጋን ወይም በኤሴክስ ስብሰባ የሚያልቅ ይመስላል። አብዛኛው ግን ከዚያ ብዙ ዓመት አስቀድሞ፣ ጠያቂው ከገበሬው ደጅ ቆሞ መልስ ሲጽፍ ይወሰናል። 4 ብሎ ወረቀቱን ያጠፈውን ኋላ ማንም አያድነውም፤ አጠገቡ «ጥማድ» ብሎ የጻፈው ግን የቤተ መዛግብቱን ግማሽ ሥራ ሠርቶለታል።