ከግጭቱ ይልቅ ካሣው የሚያደክማቸው ባለመኪኖች

በአዲስ አበባ ጎዳና ሁለት መኪናዎች ሲነካኩ ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ እዚያው ያልቃል። ሾፌሮቹ ወርደው ይጯጯሃሉ፤ መንገደኛው ይሸመግላል፤ የተሰበረው መብራት በግምት ይተመንና ገንዘቡ እጅ በእጅ ይከፈላል። ለጭረት ያህል ከሆነ ልማዱ የሚነቀፍ አይደለም። ብዙ ጣጣና ብዙ ቀጠሮ ያስቀራል።

ጣጣው የሚመጣው መኪናው ጋራዥ ሲገባ ነው። ላሜራ ሠሪው የታጠፈውን ፓራፋንጎ ሲያነሣ ከሥሩ የተቀደደ ራዲያተር ይገኛል። ሦስት ሺህ ብር ተቀብሎ የተለያየው ባለመኪና ያን ጊዜ ወደ መድን ኩባንያው ይሮጣል። እዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ የት አለ የሚል ነው። ፕላን አልተነሣም፤ የሌላኛው መኪና ታርጋም አልተያዘም። በዚህ ላይ ኩባንያው ካሣ ከፍሎ ጥፋተኛውን ለመጠየቅ በሕግ ያለውን መብት ባለመኪናው ራሱ ታርቆ ዘግቶበታል። ለሙሉ ኢንሹራንስ ዓመቱን ሙሉ የከፈለ ሰው በሦስት ሺህ ብር ዕርቅ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል ማለት ነው።

የካሣ ጥያቄ ውጣ ውረድ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ሰው ከሚያስበው ቀድሞ ነው። ብዙ ባለመኪና የገዛው መድን ምን እንደሆነ ለይቶ የሚያውቀው ከተጋጨ በኋላ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ግዴታ ሆኗል፤ አዋጁ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተክቷል። ይህ መድን የሚክሰው በመኪናው የተጎዳውን ሌላ ሰውና የሌላ ሰው ንብረት ነው። የራስን መኪና አይመለከትም። ለሌላውም ቢሆን ጣሪያ አለው፤ የ2000ው አዋጅ ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 100,000 ብር ነበር። ስቲከሩን መስተዋቱ ላይ ለጥፎ ኢንሹራንስ አለኝ የሚል ሰው ከግንብ ጋር ቢጋጭ የሚጠግነው በራሱ ኪስ ነው። የራሱ መኪና እንዲጠገንለት ሙሉ ኢንሹራንስ የሚባለውን መግዛት አለበት።

ሦስት በር፣ አንድ ባለመኪና

ሙሉ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ድካም ይጠብቀዋል። ካሣው የሚያልፍበት መንገድ በአጭሩ ይህ ነው። አደጋው በውሉ ላይ በተጻፈው የቀን ገደብ ውስጥ በጽሑፍ ይመለከታል፤ የፖሊስ ማስረጃ፣ የመንጃ ፈቃድና የሊብሬ ቅጂ ይያያዛል። የኩባንያው ገማች ጉዳቱን ያያል። ከዚያ ጋራዦች የጥገና ፕሮፎርማ ያቀርባሉ፤ በአብዛኛው ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው ይመረጣል። የሚለወጠው ዕቃም እንዲሁ በፕሮፎርማ ይገዛል።

ባለመኪናውን የሚያደክመው ጥበቃው ብቻ አይደለም። ማንን መጠየቅ እንዳለበት አለማወቁም ያደክመዋል። ኩባንያው ጋራዡን ጠይቅ ይለዋል። ጋራዡ ዕቃ አልመጣም ይላል። ዕቃ አቅራቢው ደግሞ ዋጋ ስለተለወጠ አዲስ ፕሮፎርማ ይጻፍልኝ ይላል። እያንዳንዱ ከራሱ በኩል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ መኪናው ግን ኮፈኑ ተከፍቶ አቧራ እየጠጣ ይቆማል፤ ባለቤቱም በታክሲ ይመላለሳል። በዚህ መካከል የሚረዳው አንድ ነገር ቢኖር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጥያቄውን ቁጥር፣ ጉዳዩን የያዘውን ሠራተኛ ስምና ደብዳቤ የተሰጠበትን ቀን በአንድ ደብተር መያዝ ነው። በቃል የተባለ ነገር ሠራተኛው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል፤ ገቢ የሆነ ደብዳቤ ግን መዝገብ ላይ ይቆያል።

የሚለወጠው ዕቃ አዲስ ይሁን ያገለገለ፣ ኦሪጅናል ይሁን ኮፒ የሚለው ጭቅጭቅም መነሣቱ አይቀርም። ለቪትዝና ለኮሮላ ያገለገለ መብራት ሶማሌ ተራ ዞሮ ማግኘት አያቅትም። አዲስ ለገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ግን እንዲህ ያለ ገበያ ገና አልዳበረም፤ ባለቤቶቻቸው ውል ሲገቡ ዕቃው ከየት እንደሚመጣ አስቀድመው ቢጠይቁ ይሻላል። ሌላው ቅሬታ አሮጌ ዕቃ በአዲስ ሲተካ ኩባንያው የዕድሜ ቅናሽ የሚያነሣበት አሠራር ነው። ባለመኪናው እንደ ቅሚያ ያየዋል። መድን ግን ሰውን ወደነበረበት ለመመለስ እንጂ ለማትረፍ የተሠራ ስላልሆነ አሠራሩ ከመሠረቱ አይጣልም። የሚያስከፋው ቅናሹ ውል ሲፈረም ሳይነገር ካሣ ሲከፈል ብቻ መነገሩ ነው።

ዋጋው ያረጀ ውል

ከሁሉም የሚከፋው ድንጋጤ ግን የሚመጣው ከመድን ገንዘቡ ነው። ባለመኪናው ዓረቦን እንዲቀልለት ወይም ከቸልተኝነት የተነሣ የዛሬ አራት ዓመት የጻፈውን ዋጋ በየዓመቱ ያድሳል። በዚህ መካከል ግን የመኪና ገበያ ብዙ ተራምዷል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም ተከትሎ ወጣ።

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ ይህን ይመስላል። ዛሬ ገበያ ላይ 2,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ1,200,000 ብር ተመድኗል እንበል። ተጋጭቶ የ300,000 ብር ጉዳት ደረሰበት። ባለቤቱ ጉዳቱ ከመድን ገንዘቡ በታች ስለሆነ ሙሉ ካሣ ይጠብቃል። ኩባንያው ግን መኪናው የተመደነው በዋጋው 60 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረውን 40 በመቶ አደጋ አንተው ተሸክመሃል ብሎ 180,000 ብር ያሰላል። 120,000 ብር በባለቤቱ ላይ ወደቀ። ከዚህም ላይ በውሉ የተጻፈው ተቀናሽ ይነሣል።

ጮክ ብሎ የሚያማርር ሰው በየኩባንያው መስኮት የሚታየው በአብዛኛው እዚህ ላይ ሲደርስ ነው። ስሌቱ ግን የመድን ሕግ የቆየ ደንብ ነው፤ ክርክር ቢነሣም ባለመኪናው የሚረታበት ቦታ ጠባብ ነው። አብልጦ መመደንም አያዋጣም። ካሣው አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ ስለማያልፍ ትርፉ ዓረቦን መጨመር ብቻ ነው። በእኛ ግምት ኩባንያዎቹም ከወቀሳ አያመልጡም። ውል ሲታደስ የአምናውን ቁጥር ዝም ብሎ የሚገለብጥ ሠራተኛ የነገውን ጭቅጭቅ ዛሬ እየጻፈ ነው።

የወረቀት ነገር ከተነሣ፣ በውክልና መኪና የገዙ ሰዎች ልዩ ችግር አለባቸው። ሊብሬውና ፖሊሲው በሻጩ ስም እንዳሉ አደጋ ከደረሰ ካሣው የማን እንደሆነ ማስረዳት ራሱን የቻለ ጉዳይ ይሆናል። ሻጩ ውጭ አገር ሄዶ ከሆነ ደግሞ ባሰ። በባንክ ብድር የተገዛ መኪና ሙሉ በሙሉ ሲወድም ኩባንያው በቅድሚያ የሚያየው የባንኩን መብት ነው። ለቤት ተብሎ የተመደነ መኪና ተሳፋሪ እየጫነ ሲገኝም ኩባንያው ካሣ ለመከልከል በቂ ምክንያት ያገኛል፤ የአገልግሎቱ ዓይነት ሲለወጥ ማሳወቅ የመድን ገቢው ግዴታ ነውና።

እስከ 1986 ዓ.ም. ድረስ በአገልግሎቱ ያዘነ ደንበኛ የሚሄድበት ሌላ በር አልነበረውም። በ1967 ዓ.ም. የተወረሱት ኩባንያዎች ሥራ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ በአንዱ የመንግሥት ድርጅት እጅ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 86/1986 የግል ኩባንያዎች ከተፈቀዱ ወዲህ ውድድር አለ። ሆኖም ደንበኛው የሚያወዳድረው ዓረቦንን ብቻ ነው። ካሣ በስንት ቀን ይከፈላል፣ የትኞቹ ጋራዦች ጋር ትሠራላችሁ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። ቅር የተሰኘ ሰው ለተቆጣጣሪው ለብሔራዊ ባንክ ማመልከት፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ከመድን ውል የሚነሣ ጥያቄ በሁለት ዓመት በይርጋ መታገዱ ነው፤ የ2013ቱ አዲስ ሕግም የመድኑን ክፍል አልነካውም። ነገ ዛሬ እየተባለ የሚጉላላ ጉዳይ ይህን ጊዜ ሳይታወቅ ይበላዋል።

በመጨረሻ መኪናው ተጠግኖ ሲወጣ ባለቤቱ ሥራውን ተረክቤአለሁ የሚል ቅጽ እንዲፈርም ይጠየቃል። ብዙው ሰው ቁልፉን ለማግኘት ቸኩሎ እዚያው ጋራዡ በር ላይ ይፈርማል። ቀለሙን በቀን ብርሃን ማየት፣ መሪው አንድ ወገን ይስብ እንደሆነ ዘለግ ያለ መንገድ ነድቶ መሞከር፣ ተለወጠ የተባለው ዕቃ በእርግጥ መለወጡን ማረጋገጥ ያለበት ከመፈረሙ በፊት ነው። ከፊርማው በኋላ ስቱኮው ቢፈነዳ ኩባንያው ወደ ጋራዡ፣ ጋራዡም ወደ ቅጹ ይጠቁማሉ።